ቬርና ሃካላ እና ያልነካችው ቁጥር

ቬርና ሃካላ በወተት ገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ፣ የሠራችውን ሥራ መልሶ የፈተሸ አለቃ አልነበራትም። ልፈትሽ ቢልም የሚችል አልነበረም። ከስምንት መቶ በላይ እርሻዎች በየሁለት ቀኑ የሚሰበሰበው ወተት፣ የየታንኩ ናሙና፣ የስቡ መጠን፣ በየወሩ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ገበሬ የሚወጣው መግለጫ፣ ሁሉም የሚያርፈው እሷ በምትጠብቀው ዳታቤዝ ላይ ነው። ዳታቤዙ ቆመ ማለት የወተት መኪኖቹ የትኛው እርሻ እንደተነሳለትና የትኛው እንደቀረ አያውቁም ማለት ነው። ወተት ደግሞ ቆዩኝ ቢሉት አይቆይም።

ያደገችው ከአሽላንድ በስተደቡብ፣ መንገዱ ጠጠር በሆነበት የዊስኮንሲን ገጠር ነው። አባቷ ኤይኖ ገበሬ አልነበረም። ከየእርሻው ደጃፍ በብረት ጣሳ የተቀመጠ ወተት እየጫነ ለቺዝ ፋብሪካው የሚያደርስ ሾፌር ነበር። ቬርና አሥር ዓመት ሲሞላት ፋብሪካው ከእንግዲህ በጣሳ አልቀበልም፣ በታንከር ብቻ ነው አለ። ኤይኖን ታንከሩን ተማርና ንዳ ብለውት ነበር። እሱ ግን በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ጀማሪ ከጎረምሳ ጎን አልቀመጥም ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ሳይኖረው ገና ሳይነጋ እየተነሳ ጓሮ የቆመችውን መኪና ያሞቅ ነበር። ቬርና ይህንን ለማንም አውርታ አታውቅም። ሙያ የተማረችው ግን እሱን እያየች ነው።

ቴክኒክ ኮሌጅ ገባች፣ ወረቀት ፋብሪካ ቢሮ ብዙ ዓመት ሠራች፣ ከዚያ ማኅበሩ ቀጠራት። ማኅበሩ ያን ጊዜ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ በውል የሚገዛ ዳታቤዝ አስገብቶ ነበር። ቬርና ጠባዩን እንደ ትዳር ጓደኛ ለመደችው፤ ምን እንደሚያስኮርፈው፣ ምን እንደሚያፈጥነው፣ የትኛውን ቁጥር ከፍ አድርጎ የትኛውን መተው እንደሚሻል። የኩባንያውን ፈተና አምስት ጊዜ አልፋለች። አምስቱንም የምስክር ወረቀት ራሷ ፍሬም አስገጥማ ከጠረጴዛዋ በላይ ሰቅላቸዋለች።

አምና ውሉ ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው የቦርዱ ሰብሳቢ ቨርጂል ስታንጌ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ዛሬም ላሞቻቸውን ራሳቸው ያልባሉ። ያ ሰውዬ ስለ ነጻው የሚያወራው ነገር እውነት ነው ወይ፣ ከሆነስ ለምን ለአምስት ዓመት እንፈርማለን አሉ።

"ያ ሰውዬ" ለስተር ቦዲን ነው፣ የወተት ላቦራቶሪው የመመርመሪያ መሣሪያዎች ፕሮግራም ኃላፊ። ማንም ሰው ፈቃድ ሳይገዛ የሚጠቀምበት፣ ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ዳታቤዝ አለ፣ ለእኛ ይበቃናል እያለ ሦስት ዓመት ቦርዱ ፊት ተመላልሷል። ቢሮው ውስጥ አንዱን "የሚገዛው" ሌላውን "ክፍቱ" ይሏቸዋል። ለስተር ቤቱ ንብ ያረባል፣ የቀፎዎቹንም መዝገብ በክፍቱ ላይ ይይዛል። በዚህ የተነሳ በደረሰበት ሁሉ "ለስተር፣ ንቦችህ ፓስወርዳቸውን ረስተው ይሆን?" ይሉታል። አብሮ ይስቃል። ተናድዶ አያውቅም።

የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ግሬቸን ፎልመር ነገሩ በወሬ ሳይሆን በሙከራ ይለቅ አለች። ሁለት ፍጹም እኩል ሰርቨሮች ይዘጋጁ፣ በአንዱ የሚገዛው በሌላው ክፍቱ ይጫን፣ የወር መጨረሻው መግለጫ በሁለቱም ላይ ይሠራ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይታይ። ለስተር ክፍቱን እኔ ላዘጋጀው ብሎ ጠየቀ። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ከወጣው ደንብ ወዲህ ሰርቨሮቹን የምትነካው ቬርና ብቻ ናት።

"ለስተርዬ፣ ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ" አለችው። "ሁለቱንም እኩል አያቸዋለሁ። አታስብ።"

ይህን ስትል ከልቧ ነበር።

ሰኞ የሚገዛውን አዘጋጀች። ቀኑን ሙሉ ፈጀባት፤ ሃያ ሁለት ዓመት የተማረችውን ሁሉ ከመስመር መስመር አስገባችበት። ማክሰኞ ክፍቱን ጫነች። እሱ አርባ ደቂቃ አልሞላም። መመሪያው ጫን ባለበት ጫነች፣ መረጃውን ገለበጠች፣ አስነሳችው። የሚገዛው የወሩን መግለጫ በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨረሰ። ክፍቱ ዘጠና አራት ደቂቃ ፈጀ። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ ያው ዘጠና አራት ነው። ቬርና ከወንበሯ ተነስታ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ደስ ብሏት ነበር። በኋላ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ይህ ደስታ ነው።

ሐሙስ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረች። የክፍቱን ትክክለኛ የዕትም ቁጥር ለማስፈር የመመሪያውን ድረ ገጽ ከፈተች፣ ዓይኗም አንድ አንቀጽ ላይ አረፈ። ዳታቤዙ በደካማ ኮምፒውተር ላይ እንኳ እንዲነሳ ሲባል የሜሞሪ ድርሻው ሆን ተብሎ በጣም ዝቅ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ትልቅ ሰርቨር ያለው ሰው በመጀመሪያ እነዚህን ቁጥሮች ከፍ ማድረግ አለበት ይላል። ሰርቨሩ ስልሳ አራት ጊጋ ሜሞሪ አለው። ክፍቱ ለዋናው ሥራው ሲጠቀም የቆየው የአንዱን ጊጋ አንድ ስምንተኛ ነው። በሙሉ ጎተራ ፊት ቁጭ ብሎ በስኒ እየተሰፈረለት ነበር ማለት ነው።

አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገጹን ዘጋችው።

ለራሷ የነገረችው ይህን ነው፦ እኔ የፈተንኩት እንደመጣ ነው፣ እንደዚያ አድርገው የላኩት እነሱ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ "ክፍቱ በመደበኛ ቅንብሩ ተፈትኗል" ብላ ጻፈች። ውሸት አልነበረም። ቦርዱ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች "መደበኛ" የሚለውን ቃል "ተገቢ" ብለው እንደሚያነቡት ግን ታውቅ ነበር። ዓርብ ጠዋት ለግሬቸን ላከችው።

በማግስቱ ሳምንት ማክሰኞ፣ ለስተርም ያለበት የዳታቤዝ መራጭ ኮሚቴ ተቀመጠ። አሥራ አንድ እና ዘጠና አራት ግድግዳው ላይ በትልቁ ታዩ። የመኪና ስምሪት ኃላፊው ወደ ለስተር ዞሮ፣

"ላሚቱ ነጻ ናት ብለኸን ነበር" አለው። "እሺ ነጻ ናት። እስክትታለብ ድረስ ግን ልጆቼ አድገው ይዳራሉ።"

ሁሉም ሳቀ። ለስተርም ሊስቅ ሞከረ፣ ፊቱ ግን እስከ ጆሮው ቀልቷል። ስብሰባው ሲበተን ወደ ቬርና ጠረጴዛ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"የሜሞሪውን ቁጥር ከፍ አድርገሽው ነበር አይደል?"

"የሚገባውን አድርጌያለሁ።"

"ቅንብሩን ላየው እችላለሁ? ለማወቅ ያህል ነው።"

ከኩባንያው ጋር ባለው ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። ዳታቤዙ በስንት ደቂቃ ምን እንደሠራ ተለክቶ ከሆነ፣ ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ ለውጭ ሰው አይነገርም ይላል። ለስተር የውጭ ሰው አይደለም። ቬርናም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

"ውሉ ይከለክላል" አለችው። "የሙከራው ዝርዝር አይወጣም።"

ለስተር ራሱን ነቀነቀ። "በቃ። አንቺ ካልሽ አለቀ" ብሎ ሄደ።

ቢከራከራት ይሻላት ነበር። ረቡዕ ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፈ፣ ግልባጩን ለእሷም ላከላት። ጠንቅቆ በማያውቀው ነገር ላይ ሦስት ዓመት ቦርዱን በማድከሙ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ከኮሚቴውም እንደወጣ፣ ወይዘሮ ሃካላ ሥራዋን በጥንቃቄ ስለሠራች ማኅበሩ ከትልቅ ስህተት መዳኑን ይናገራል። ግሬቸን ደብዳቤውን አንብባ ትሕትና ማለት እንዲህ ነው አለች፣ ከቦርዱ ቃለ ጉባኤ ጋር እንዲያያዝም አደረገች። ቬርና መኪናዋ ውስጥ ሆና ስልኳ ላይ አነበበችው። ቁልፉን አዙራ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች።

ዓርብ እንደ ወትሮዋ የተጠበሰ ዓሣ ልትበላ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደች። ለስተርና ሚስቱ ሎረታ አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ሎረታ ተነስታ ትከሻዋን አቀፈቻት።

"እግዜር ይስጥሽ ቬርናዬ" አለቻት። "እኔ ስለዚህ ዳታቤዝ በቁርስ በእራት ስሰማ ስምንት ዓመቴ ነው። ንቦቹ እንኳ ሰልችቷቸው ነበር። አንቺ በአንድ ቀን ጸጥ አሰኘሽልኝ።"

ለስተር ከኋላዋ "እውነቷን ነው" አለና ሳቀ። ቬርና ከዓሣው ግማሹን ትታ ወጣች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ማንም በሌለበት ቢሮ ገባች። ክፍቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ቀየረች። አጥፍታ አስነሳችው። ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ መግለጫውን አስጀምራ ሰዓቱን ይዛ ተቀመጠች። በልቧ ቀርፋፋ እንዲሆን እየለመነች ነበር፤ ሰባ ቢሆን፣ ስልሳ ቢሆን እንኳ። በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨረሰ። ደገመችው፣ አሥራ አምስት።

የሚገዛው አሁንም በአራት ደቂቃ ይበልጣል። ሥራውን በሐቅ ብትሠራው ኖሮ እንኳ የእሷው ዳታቤዝ ይቀድም ነበር። ነገር ግን አራት ደቂቃ ለአምስት ዓመት ውል የሚያስፈርም ልዩነት አይደለም፤ ይህንንም ገና ከሐሙስ ጀምሮ ጠርጥራው ነበር። የፈራችው መሸነፍን አልነበረም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ጀማሪ መሆንን ነው። ቦርዱ ለመፈረም የቀጠረው ረቡዕ ነው። ሰርቨሩን አጥፍታ ዝም ማለት ትችላለች፤ አሥራ አምስት የሚለውን ቁጥር ያየ ሌላ ሰው የለም። ወጥታ ስትነዳ ለስተር "አንቺ ካልሽ አለቀ" ያለው ከጆሮዋ አልጠፋ አለ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ወደ ላቦራቶሪው ነው። ለስተር የናሙና ብልቃጦችን በየመደባቸው እየደረደረ ነበር። የቅዳሜውን ውጤት የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችው። ቆሞ አነበበ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና አነበበ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሐሙስ። ሪፖርቱን ስጽፍ።"

"ስጠይቅሽስ?"

"ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር።"

"ውሉ ይከለክላል ያልሽውስ?"

"አንተን አይከለክልህም።"

ለስተር ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አልጮኸም። ብልቃጦቹን ወደ መደርደሩ ተመለሰ፣ ሦስት ያህል ካስቀመጠ በኋላ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"ሌላ ሰው ቢሆን ደግሜ እፈትሸው ነበር። የአንቺን ግን ሳልፈትሽ ተቀበልኩ።"

ሳይሰናበታት፣ እሷም ሳትሰናበተው ወጣች።

ግሬቸን ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ላይ ቁጣ ሳይሆን ጥድፊያ ነበር። በዚህ ቢሮ አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው አይጠቆምም። ጥፋቱ የአሠራሩ ነው ተብሎ አሠራሩ ይስተካከላል እንጂ ማን አጠፋ አይባልም። ይህን ልማድ ያመጣችው ግሬቸን ራሷ ናት፣ ብዙ ሰውም አትርፎበታል። አሁንም ሪፖርቱን እናስተካክላለን፣ "የሁለቱ ቅንብር እኩል አልነበረም" ብለን እንጽፋለን፣ የማንም ስም አይነሳም አለች።

ቬርና በዚያች ቅጽበት ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አየች። እሺ ብትል አንድ ዓረፍተ ነገር ትጻፋለች፣ ሰው የለበትም፣ የለስተር ይቅርታ ግን ከነስሙ ይቀራል።

"አሠራሩ መመሪያውን አላነበበም" አለች። "አንብቤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ እኔ ልናገረው።"

ረቡዕ ቦርዱ ከቺዝ ሱቁ በላይ ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ዘጠኙም ገበሬዎች ናቸው፣ ጠዋት አልበው የመጡ። ቬርና ቆማ ተናገረች። ማብራሪያ አልጨመረችም። ስትጨርስ ቨርጂል ስታንጌ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"እንደገባኝ ልንገርሽ" አሉ። "ሁለት ላሞች አወዳደርሽ። አንዷን አጥግበሽ አለብሻት፣ ሌላዋን ሳትበላ አለብሻት።"

"አዎ፣ እንደሱ ነው።"

"ያልበላች መሆኗንስ ታውቂ ነበር?"

"ስታለብ አላወቅኩም። ውጤቱን ስጽፍላችሁ ግን አውቅ ነበር።"

"ሁለቱም ሲጠግቡስ?"

"አሥራ አንድ እና አሥራ አምስት ደቂቃ።"

"በወር አንዴ?"

"በወር አንዴ።"

ከዳር የተቀመጡ አንድ ገበሬ "እኔ ጫማዬን ፈልጌ እስካገኝ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል" አሉ፣ ጥቂቶች ሳቁ። በእሷ ላይ አልነበረም የሳቁት። ቬርና ግን ጉንጮቿ ሲቃጠሉ ወለሉን አየች። ለስተር ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም።

ቦርዱ የአምስት ዓመቱን ውል አልፈረመም። ለአንድ ዓመት ብቻ ይራዘም፣ ሙከራው እንደ አዲስ ይሠራ፣ ቬርናና ለስተር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፣ የሁለቱም ቅንብር ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ ተባለ። እሷን ከሥራ እናሰናብት ያለ አልነበረም። ሰብሳቢው ሲወጡ እጇን ጨበጧት። ከሌሎቹ ሦስቱ ሳይጨብጧት አለፉ።

በማግስቱ ቬርና ወደ ቦርዱ ጸሐፊ ሄደች። የለስተር የይቅርታ ደብዳቤ ከቃለ ጉባኤው ይውጣልኝ ብላ ለመነቻት። ጸሐፊዋ መዝገቡን ከፍታ አሳየቻት፤ ደብዳቤው ተቆጥሮ ገብቷል፣ ገጽ ቁጥር አለው።

"ቃለ ጉባኤ አይወጣለትም" አለቻት። "የሚቻለው ከሥር መጨመር ነው።"

"ታዲያ ከሥሩ ልጨምር።"

"አጭር አድርጊው። ለስለስ ብትይም ማንም አይከፋውም።"

ቬርና እዚያው ተቀምጣ ጻፈች። ክፍቱን በተገቢው መንገድ ሳታዘጋጅ እንደፈተነችው፣ ይህንንም እያወቀች እንዳሳለፈችው፣ ለስተር ቦዲን ሲጠይቃት እንደዋሸችው፣ ከዚህ በላይ ያለው ይቅርታ እሱ ሊጠይቀው የማይገባ እንደነበረ። ለስላሳ ቃል አላስገባችም። ሁለት ጊዜ አንብባው ልክ ነው አለች። በደንቡ መሠረት ስሙ የተነሳው ሰው አይቶት መፈረም ስላለበት ለስተር ተጠራ።

ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጣ። መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። ቬርና እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እስክሪብቶውን አነሳ፣ ሳይፈርም ግን አንዱ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህ ላይ ያነበብሽው ዓርብ ነው ይላል።"

ቬርና ጎንበስ ብላ አየች። ዓርብ ይላል፣ በገዛ እጇ ጽሕፈት። ሪፖርቱ የተላከው ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ አነበብኩ ያለች ሴት ሪፖርቱ ከእጇ ከወጣ በኋላ ያወቀች ትመስላለች። ስትጽፈው ተሳስታ ይሁን፣ እጇ ራሱ አንድ ቀን ሊሰርቅላት ፈልጎ ይሁን አላወቀችም። ጸሐፊዋ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላዋን አየች።

"ሐሙስ ነው" አለች ቬርና።

"ለእኔም ሐሙስ ነው ያልሽኝ" አለ ለስተር።

እስክሪብቶውን ሰጣት። ዓርብን ሰርዛ ከላዩ ሐሙስ ብላ ጻፈች፣ ስረዛው የሷ መሆኑ እንዲታወቅ የስሟን መጀመሪያ ፊደል ከጎኑ አኖረች። ለስተር እርማቱን እንደገና አነበበ። ከዚያ ፈረመ።